የእንግሊዝ ካንትሪ ዳንስ በአራት ኪሎ፦ ስለ ቅዳሜው ትምህርት፣ ስለ መምህርቷና ስለ ሙዚቀኞቹ

ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ሲወረድ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ የእንጨት ወለል ባለው አሮጌ አዳራሽ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ የእንግሊዝ ካንትሪ ዳንስ ትምህርት ይሰጣል። ትምህርቱ እስካሁን የራሱ መጠሪያ ስላልወጣለት በዚህ ጽሑፍ «የቅዳሜው ትምህርት» እያልሁ እጠራዋለሁ። ላለፉት ወራት ደጋግሜ ተካፍዬበታለሁ፤ ገንዘቡንና ጊዜውን ለማውጣት ለሚያመነታ ሰው ይጠቅማል ብዬም የታዘብሁትን በዝርዝር ጽፌአለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ በመሀል አዲስ አበባ በተካፈልሁባቸው የዳንስ ትምህርቶች ውስጥ መምህርና ሙዚቀኛ እንዲህ ተናብበው ሲሠሩ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው፤ ትምህርቱን ከፍለው የሚሄዱበት የሚያደርገውም ይኸው መናበብ ነው።

ካንትሪ ሲባል ኬኒ ሮጀርስን ለሚያስታውሱ አንባቢዎች፣ ይህ ሌላ መሆኑን ማስታወቅ ይገባል። የእንግሊዝ ካንትሪ ዳንስ ብዙ ጥንዶች በሁለት ትይዩ ረድፎች ፊት ለፊት ቆመው፣ እጅ እየተያያዙ፣ እየተላለፉና ቦታ እየተለዋወጡ በኅብረት የሚጫወቱት ጭፈራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1651 ጆን ፕሌይፎርድ የተባለ የለንደን አሳታሚ ከ100 የሚበልጡ ዳንሶችን ከነዜማቸው በአንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም እስከ 1728 ገደማ ድረስ በእርሱ፣ በልጁና ከእነርሱ በኋላ ሥራውን በተረከበው አሳታሚ እጅ እየታደሰና እየሰፋ 18 ጊዜ ታትሟል። ዛሬ የሚጨፈረው አንዱ ክፍል ከዚያ የተገኘ ሲሆን ሌላው በቅርብ ዘመን የተደረሰ ነው።

ወደ ሙዚቀኞቹ ልለፍ፤ ስለ እነርሱ የምለው ብዙ ነውና።

ፕሌይፎርድ ያተመው ኖታ ነጠላ ዜማ ብቻ ነው። አጃቢው ምን እንደሚመታ፣ ባሱ የት እንደሚገባ፣ ዜማው ሲደጋገም በምን እንደሚለወጥ የሚናገር ነገር በገጹ ላይ የለም። አንዱ ዜማ አብዛኛውን ጊዜ 32 ባር (ባር ዜማ የሚለካበት እኩል የምት ክፍል ነው) ያህል ነው፤ ሁለት ክፍል ኖሮት እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ ይደገማል። ዳንሱም ከዜማው ጋር አብሮ ያልቅና ጥንዶቹ አንድ ቦታ ተሸጋግረው ከሌላ ጥንድ ጋር እንደ ገና ይጀምራሉ። በረድፉ ውስጥ ስምንት ጥንዶች ቢኖሩ፣ ከላይ የጀመረው ጥንድ ከታች እስኪደርስ ድረስ ያው ዜማ ሰባት ዙር መጫወት አለበት ማለት ነው። እንግዲህ አንድን አጭር ዜማ ሰባት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ እየደጋገሙ ጨፋሪውን ሳያሰለቹ ማቆየት የሙዚቀኛው ፈንታ ነው። ይህን የማይችል ባንድ የቱንም ያህል ኖታ በትክክል ቢያነብ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በቅዳሜው ትምህርት የሚጫወቱት አራት ናቸው፤ አንድ ቫዮሊን፣ አንድ አኮርዲዮን፣ አንድ ፍሉትና አንድ ማሲንቆ። ቫዮሊኒስቷ ኖታ በማንበብ የሠለጠነች መሆኗ ከመጀመሪያው ዜማ ያስታውቃል። ማሲንቆ መቺው ደግሞ የአዝማሪ ቤት ልጅ ነው፤ ከዚያ ይዞት የመጣው ችሎታ ለዚህ ሥራ ይህን ያህል ይጠቅማል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። አዝማሪ ከእንግዳው ፊት ዓይኑን አይነቅልም፤ ማን እንደ ተደሰተ፣ ማን ግጥም ሊሰጥ እንዳሰበ፣ ማን እንደ ተከፋ እያነበበ ነው የሚጫወተው። ይህ ሰው ያንኑ ዓይን ወደ ጨፋሪዎቹ እግር አዙሮታል። በአንደኛው ቅዳሜ በረድፉ መካከል የነበሩ ሁለት ጥንዶች መንገድ ስተው ተደናግጠው ሲቆሙ፣ ቀስቱን ጠበቅ አድርጎ የሚቀጥለውን ሐረግ የመጀመሪያ ድምፅ አጎላው፤ ቫዮሊኒስቷም ወዲያው ጌጡን ሁሉ ትታ ዜማውን እርቃኑን አብራው ተጫወተች። የሐረጉ መጀመሪያ የት እንደ ሆነ በግልጽ ስለተሰማቸው የተደናገጡት ሰዎች እዚያው ላይ ገብተው ከሌሎቹ ጋር ተካከሉ። መምህርቷ አንድ ቃል አልተናገሩም። ፍጥነቱም አልተለወጠም፤ በዚህ ሙዚቃ ለአንዱ ጥንድ ተብሎ መዘግየት ሌሎቹን ሁሉ ያፈርሳልና።

ድግግሞሹን የሚይዙበት መንገድም የታሰበበት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ዜማው በጉልህ እንዲሰማ ቫዮሊኑ ብቻውን ይመራል። በሦስተኛው ፍሉቱ ይቀበላል። ከዚያ አኮርዲዮኑ ለአንድ ዙር ፈጽሞ ዝም ይልና የእግር ድምፅ ከእንጨቱ ወለል ላይ ጎልቶ ይሰማል፤ ተመልሶ ሲገባ የጨፋሪዎቹ ጀርባ ሲቃና በዓይን ይታያል። እንዲህ ያለ ቅንብር በወረቀት የሚጻፍ አይደለም፤ በቦታው፣ በዓይን ጥቅሻ የሚወሰን ነው።

በምት በኩል የነበረባቸው ፈተና ለእኛ አገር ሙዚቀኛ ልዩ ትርጉም አለው። ከካንትሪ ዳንስ ዜማዎች ብዙዎቹ ጂግ የሚባሉ በ6/8፣ ማለትም በአንድ ባር ስድስት አጫጭር ምት ይዘው፣ የተጻፉ ናቸው፤ የእኛም ጭክችካ በ6/8 ነው የሚጻፈው። በወረቀት ላይ አንድ ይምሰሉ እንጂ ለእግር የሚሰጡት ስሜት የተለያየ ነው። በጂግ ውስጥ ሁለቱ ዋና ምቶች በግልጽ ጎልተው እያንዳንዳቸው አንድ እርምጃ ይሸከማሉ፤ ጭክችካ ግን ሦስትን በሁለት ላይ እየደራረበ አካልን ከወገብ በላይ ያነቃንቃል። መጀመሪያ አካባቢ ባንዱ ሳያስበው ወደ ለመደው ያዘነብል ስለነበር፣ ተማሪው ሁሉ በእርምጃ ፈንታ ትከሻውን መምታት ይጀምር ነበር፤ ደስ ይል ነበር፣ ዳንሱ ግን ይቆም ነበር። መምህርቷ ይህን ያስተካከሉት ሙዚቀኞቹን በመገሠጽ ሳይሆን መሣሪያቸውን አስቀምጠው ከተማሪው ጋር አንድ ዳንስ እንዲጨፍሩ በማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ አኮርዲዮኑ ግራ እጁን ቀለል አድርጎ ሁለቱን ምቶች ብቻ መያዝ ጀመረ፤ ማሲንቆውም በቀስት ጫፍ እየነካ ዜማውን አነሣው። ለካንትሪ ዳንስ መጫወት የሚፈልግ ሙዚቀኛ ራሱ መጨፈር አለበት የሚለውን አሳብ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር አላየሁም።

በሦስት ምት የሚሄዱት ዜማዎች ከዚህ ይበልጥ ይከብዳሉ። የ3/2 ሆርንፓይፕ የሚባለው ዓይነት በ17ኛው መቶ ዘመን በኖረው በእንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ በሄንሪ ፐርሰል ዘመን እንግሊዝ የተወደደ ነበር፤ ፐርሰል ለቴአትር ከደረሳቸው ዜማዎችም ለዳንስ የተወሰዱ አሉ። በአንድ ባር ሦስት ሰፋ ያሉ እርምጃዎች ስለሚገቡበት የሚቸኩል ባንድ ያበላሸዋል። የቅዳሜው ባንድ በዚህ ረገድ ገና ነው፤ ከመካከል ላይ ሳይታወቀው ይፈጥናል።

መምህርቷ እንግሊዝ አገር ለብዙ ዓመታት ኖረው፣ ዳንሱን እዚያው ተምረውና አስተምረው የተመለሱ ናቸው። ዘዴያቸው ቁጥብነት ነው። የሰልፉን አቋቋም በአጭሩ ይናገራሉ፤ ያለ ሙዚቃ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ያስኬዳሉ፤ ከዚያ ወደ ባንዱ ዞረው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ዜማው ይጀምራል። በብዙ የዳንስ ክፍሎች መምህሩ ግማሹን ሰዓት ሲያብራራ ያልፋል፤ እዚህ ግን ተማሪው የከፈለበትን ሰዓት በእግሩ ላይ ነው የሚያሳልፈው።

ትእዛዝ አሰጣጣቸው ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ትእዛዙ ከእንቅስቃሴው ጋር እኩል ከወጣ ዘግይቷል፤ ሰምቶ ለመንቀሳቀስ ጊዜ ያስፈልጋልና። ስለዚህ ቀዳሚው ሐረግ ሊያልቅ ሁለት ምት ያህል ሲቀረው ይናገራሉ፤ ቃላቸው የሚያልቀውም አዲሱ ሐረግ በሚጀምርበት ቅጽበት ነው። ለዚህ ደግሞ ዜማውን እንደ ሙዚቀኛ ማወቅ ግድ ይላል። በመጀመሪያው ዙር ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ በሁለተኛው ያሳጥሩታል፤ በሦስተኛው «ተሻገሩ»፣ «በግራ»፣ «ውረዱ» የሚሉ ነጠላ ቃላት ብቻ ይቀራሉ፤ ከዚያም ፈጽሞ ዝም ይላሉ። ብዙ አስተማሪዎች የሚቸገሩት በዚህ ዝምታ ላይ ነው። ተማሪው በትእዛዝ መጨፈሩን ትቶ በዜማ መጨፈር የሚጀምረው እርሳቸው ዝም ሲሉ እንደ ሆነ ያውቃሉ። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ አንድ ጣታቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ቫዮሊኒስቷም አንገቷን ነቅንቃ ትቀበላለች።

ሰው አያያዛቸውንም ልጥቀስ። ከተማሪዎቹ መካከል ባለቤታቸውን ይዘው የሚመጡ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው አሉ፤ ለመዞር ሲቸኩሉ ከሚስታቸው ጋር ይጋጫሉ። መምህርቷ ሙዚቃውን አላስቆሙም፤ ከአጠገባቸው ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጋሼ፣ እርስዎ ባሉበት ይቁሙ፤ እትዬ ራሳቸው በእርስዎ ዙሪያ ያልፋሉ» አሏቸው። ሰውየው ቆሙ፣ ሚስታቸው አለፉ፣ ዳንሱም ቀጠለ። ሴቶቹ ከወንዶቹ ስለሚበዙም ትእዛዙን «ወንዶች»፣ «ሴቶች» እያሉ አይሰጡም፤ «የላይኛው ጥንድ»፣ «በቀኝ የቆማችሁ» እያሉ በቦታ ይጠራሉ። ሁለት እኅትማማቾች ወይም ሁለት ጓደኛሞች አብረው ቢሰለፉ የሚያስደናግር ነገር አይኖርም።

ስለ እርምጃ ትክክለኛነት ያላቸው አቋም ግን ለሁሉም አይጥምም፤ ከክፍል ወጥተው «ትምህርቱ ይላላል» ሲሉ የሰማኋቸው ተማሪዎች አሉ። ጉዳዩ በእንግሊዝ አገርም የቆየ ክርክር ነው። ሴሲል ሻርፕ የተባለው የሙዚቃ መምህር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 26 ቀን 1899 በኦክስፎርድ አጠገብ በሄዲንግተን የገጠር ጨፋሪዎችን አየ፤ በማግሥቱም የጨፋሪዎቹ ሙዚቀኛ የነበረውን ዊልያም ኪምበርን አስጠርቶ ዜማዎቹን በኖታ ጻፈ። ኪምበር ኮንሰርቲና የሚባለውን ትንሽ የእጅ አኮርዲዮን የሚጫወት ግንበኛ ነበር። ሻርፕ በኋላ የፕሌይፎርድን ዳንሶች አጨፋፈራቸውን እያብራራ ማሳተም ጀመረ፤ በ1911ም የእንግሊዝ የሕዝብ ዳንስ ማኅበርን አቋቁሞ መምህራን እየተፈተኑ የምስክር ወረቀት እንዲያገኙ አደረገ። በዚያው ዘመን ሜሪ ኒል የተባሉት ሴት በለንደን ለሚኖሩ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ልጃገረዶች ያንኑ የሕዝብ ጭፈራ ያስተምሩ ነበር። ሻርፕ የእርምጃው ልክ መጠበቅ አለበት ይል ነበር፤ እርሳቸው ደግሞ ከልኩ የጨፋሪው ደስታና ሕይወት ይቀድማል ይሉ ነበር። ሁለቱ በዚህ ምክንያት ተለያዩ። የቅዳሜዋ መምህርት ከሁለቱ ወደ ሜሪ ኒል ያደላሉ፤ እግር ቢሳሳትም በጊዜው ከቦታው የደረሰን ሰው አያርሙም። እኔም በዚህ ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ጀማሪ እርምጃውን ሲቆጥር አጠገቡ ያለውን ሰው አያይም፤ ይህ ዳንስ ደግሞ አጠገብ ያለውን ሰው ካላዩበት ምንም አይደለም።

ከኪምበር ታሪክ የምወስደው ሌላም ነገር አለ። የማኅበሩ ሥራ ከመጀመሪያው በአንድ ሙዚቀኛ ጣቶች ላይ የቆመ ነበር፤ ሻርፕ ራሱም ፒያኖ እየመታ የሚያስተምር ሰው ነበር። ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1924 ከሞተ በኋላ በስሙ የተሠራው ቤት በ1930 ለንደን ውስጥ ተከፈተ፤ ማኅበሩም በ1932 ከሕዝብ ዘፈን ማኅበር ጋር ተዋሐደ። ዜማና እርምጃ በአንድ ጣሪያ ሥር የገቡት በዚህ ዓይነት ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ከዚሁ አዳራሽ በእግር ፒያሳ ላይ የሚደረስበት ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ እዚያም ተወዛዋዡና የባህል ኦርኬስትራው አንዱ ከሌላው ተለይቶ አልኖረም። ትከሻ በቀጥታ ከሚመታ ከበሮ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን የምናውቅ ሰዎች፣ የቅዳሜው ባንድ ለምን እንደሚያስፈልግ ሊነገረን አይገባም።

ዳንሱ ባለፉት መቶ ዓመታት አዳዲስ ደራሲዎችም አግኝቷል። እንደ ፓት ሾ ያሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1917 እስከ 1977 የኖሩ ሰው፣ ዳንሱንም ዜማውንም ራሳቸው ይደርሱ ነበር። መምህርቷ ይህን አስታውሰው ለማሲንቆ መቺው በባቲ ቅኝት 32 ባር የሚሞላ ዜማ እንዲያወጣ ጠየቁት፤ እርምጃውን እርሳቸው ሠሩለት። የመጀመሪያው ሙከራ ሙሉ በሙሉ አልያዘም፤ ዜማው እጅግ ያማረ ሆኖ ሳለ የሁለተኛው ክፍል መጨረሻ የሚያርፍ ስለማይመስል ጨፋሪዎቹ ገና የሚቀጥል መስሏቸው ወደ ቦታቸው ዘግይተው ይደርሱ ነበር። ከዚያ በኋላ መቺው የመጨረሻዎቹን ባሮች ወደ ቅኝቱ መነሻ ድምፅ እየወረደ እንዲዘጋ አድርጎ አስተካከለው። አሁን የክፍሉ ተወዳጅ ዳንስ ሆኗል፤ ከአዳራሹ ሲወጡ የሚያንጎራጉሩትም እርሱን ነው። እንደ እኔ እምነት የቅዳሜው ትምህርት የወደፊት መንገድ ይህ ነው፤ የሌላውን አገር ሙያ በአግባቡ ተምሮ በራስ ቅኝት መሥራት።

ከዚህ በታች ያሉት ቅሬታዎቼ ናቸው፤ ቀላል አይደሉም።

ትልቁ ቅሬታዬ ሙዚቀኞቹ የሚገኙት በየሁለት ሳምንቱ መሆኑ ነው። በሌሎቹ ቅዳሜዎች የተቀዳ ሙዚቃ ይከፈታል፤ ክፍያው ግን ያው ነው። የተቀዳው ሙዚቃ በጥሩ ባንዶች የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ረድፉን አለማየቱ ነው። አንድ ጊዜ ሰባት ዙር ብቻ ያለው ቅጂ ለአሥራ አንድ ጥንድ ተከፍቶ፣ ከላይ የጀመሩት ገና መካከል ላይ እያሉ ሙዚቃው ተቋረጠ፤ ከታች የነበሩት ደግሞ ተራቸው ሳይደርስ ቀረ። ጀማሪ ሲደናገጥ የሚያጎላለት፣ አዛውንት ሲደክሙ ፍጥነቱን ጥቂት ቀንሶ የሚጀምርላቸው የለም። መምህርቷም በእነዚህ ቀናት ዝም ማለት አይችሉም፤ የቴፑን ጉድለት በድምፃቸው ለመሙላት ሲሉ እስከ መጨረሻው ይናገራሉ፤ ከትምህርቱ የተለየ ውበትም ይጠፋል። አዘጋጆቹ ወይ ዋጋውን ይለዩ፣ ወይ በየሳምንቱ ቢያንስ ሁለት ሙዚቀኛ ያምጡ። ቫዮሊንና አኮርዲዮን ብቻቸውን አዳራሹን ይበቁታል።

ሁለተኛው የድምፅ ማጉያው ነው። ለዚህ ስፋት ላለው አዳራሽ ማጉያ የሚያስፈልገው ለመምህርቷ ድምፅ ብቻ ነው፤ ባንዱን በማጉያ ሲያወጡት የፍሉቱ ድምፅ ጆሮ ይወጋል፣ ማሲንቆውም ከሁሉም በታች ይሰምጣል። ሙዚቀኞቹ የሚቀመጡበት ጥግ ጨለማ ስለሆነ ኖታቸውን በስልክ መብራት ሲያነቡ አይቻለሁ፤ ይህ ለሥራቸው የማይገባ ነው። ከመድረኩ በስተግራ የላላ ጣውላም አለ፤ አንድ ሰው ሳይሰበር ይመታ።

ሦስተኛው ሰዓት አለማክበር ነው። 9 ሰዓት የተባለው ብዙ ጊዜ ወደ ዘጠኝ ተኩል ይሻገራል፤ ዘግይተው የሚመጡትም በማስኬጃው መካከል ረድፉ ውስጥ እየገቡ የተማሩትን ያደናግራሉ። በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ዳንሱ እስኪያልቅ ቢያስጠብቃቸው ይበቃል።

የአንድ ቅዳሜ ክፍያ 300 ብር ነው፤ ሻይና ዳቦ ቆሎ ይጨምራል። ከመግቢያው ላይ ሙዚቀኞቹ ድርሻ እንደሚያገኙ አዘጋጆቹ ነግረውኛል። ባንዱ ላለበት ቀን ከዚህ ይበልጥ ብከፍል አይከፋኝም፤ ትርፉ ለአራቱ እንዲደርስ ግን እፈልጋለሁ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚሠሩት እነርሱ ናቸውና።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ጥንድ ይዞ መምጣት ግዴታ አይደለም፤ በየዳንሱ አጋር መለወጥ ልማዱ ነው፤ ብቻዬን ቆሜ እቀራለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው አይስጋ። ሶሉ ለስላሳና የሚንሸራተት ጫማ ይሻላል፤ የስፖርት ጫማ ወለሉን ይዞ ጉልበት ያሳምማል። ጀማሪዎች ከዕረፍቱ በፊት ባለው ክፍል ቢገኙ ይመረጣል፤ ከባድ ዳንሶች የሚመጡት ከዕረፍቱ በኋላ ነው። በታክሲ የሚመጣ አራት ኪሎ ወርዶ በእግሩ ቁልቁል ይሂድ፤ መኪና ማቆሚያ የለም። ባንዱ የሚገኝባቸውን ቀናት ከበሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስለሚናገር፣ ከመክፈላችሁ በፊት እርሱን አንብባችሁ ሙዚቀኞቹ ያሉበትን ቅዳሜ ምረጡ።